የአባት ገንዘብ የማን ነው? የልጅ ቀለብና የድጋፍ አበል በብሪታንያ ታሪክ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ሲሰሙት የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ስለሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ከልጆቿ አባት ተለይታ ትኖራለች። ገቢዋ አነስተኛ በመሆኑ መንግሥት የድጋፍ አበል ይሰጣታል። አባትየው በበኩሉ ለልጆቹ ቀለብ ይቆርጣል። ቀለቡ በእናቲቱ እጅ ሲገባ አበሏ በዚያው መጠን ይቀነስ ወይስ ሳይነካ ይቀጥል?

ጥያቄውን የምከታተለው በእንግሊዝ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ በመላው ብሪታንያ ታሪክ ውስጥ ነው። አገሪቱን የመረጥኋት ለዚህ አንድ ጥያቄ ከ400 ዓመት በላይ በጽሑፍ የሰፈሩ፣ እርስ በርሳቸውም የሚቃረኑ መልሶችን ስለ ሰጠች ነው። ዓመታቱን በእንግሊዝና በአሜሪካ ታሪክ ላይ ስጠቅስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቀለብ ስል ወላጅ ለልጁ የሚከፍለውን፣ አበል ስል መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠውን ማለቴ ነው።

የመከራከሪያዬ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ሕግ አውጪዎቹን በየዘመኑ ያስጨነቃቸው አባት ምን ያህል ይክፈል ከሚለው ይልቅ፣ የከፈለው ገንዘብ የማን ነው የሚለው ነበር። ገንዘቡ የግምጃ ቤት ነው በተባለባቸው ዘመናት እናት የአባትን ስም እንድታወጣ ትገደድ ወይም ትገፋፋ ነበር። የልጁ ነው በተባለ ጊዜ ደግሞ ግዴታው ቀረ። የስሌቱ ደንብና በእናቲቱ ላይ የሚደረገው ምርመራ በአንድነት ተነሥተው በአንድነት ወድቀዋል ማለት ነው።

ከ1576 ልጀምር። በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ ከጋብቻ ውጭ ስለ ተወለዱ፣ የዘመኑ ቋንቋ ዲቃላ ስለሚላቸው ልጆች ደነገገ። ሁለት የአካባቢ ዳኞች ጉዳዩን መርምረው እናቲቱና አባት የተባለው ሰው በየሳምንቱ እንዲከፍሉ የማዘዝ ሥልጣን ተሰጣቸው። ምክንያቱን ሕጉ ራሱ ይናገራል፤ ልጁ በተወለደበት አጥቢያ ላይ ሸክም እንዳይሆን ነው። በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪዎቹ ገንዘብ ሰብስቦ የራሱን ድሆች እንዲረዳ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አባት ያልታወቀለት ልጅ የጎረቤት ሁሉ ወጪ ሆነ። ጎረቤትም የአባቱን ማንነት የማወቅ ጥቅም አገኘ።

የ1733 ሕግ ይህን ጥቅም በግልጽ አሳየ። ያላገባች ሴት አባቱን በመሐላ ከጠራች፣ የተጠራው ሰው ይያዝና አጥቢያውን ከወጪ ነጻ ለማድረግ ዋስ ካልጠራ ወደ ወኅኒ ይወርድ ነበር። ልብ በሉ፤ ዋስትናው የተሰጠው ለአጥቢያው ነው። በተግባር ግን የድሆች ጉዳይ ተቆጣጣሪዎቹ ከአባት የተቀበሉትን ብዙውን ጊዜ መልሰው ለእናቲቱ ይሰጡ ነበር። በሕግ የአጥቢያው የሆነው ገንዘብ በኑሮ የልጁ ሆኖ ቆየ።

በ1832 የተሾመው የድሆች ሕግ መርማሪ ኮሚሽን የተቆጣው በዚህ ነው። በኮሚሽኑ አስተያየት ያላገባች እናት በአባት ገንዘብ መደገፏ ጥፋትን እንደ መሸለም ይቆጠራል፤ ሴቶችም ሀብት ያለውን ወንድ መርጠው በሐሰት እንዲጠሩ ያደፋፍራል። ስለዚህ የ1834 የድሆች ሕግ ማሻሻያ ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ኃላፊነቱን ባላገባችው እናት ላይ ጣለ። አባት ሊጠየቅ የሚችለው ልጁ በአጥቢያው ርዳታ ላይ ሲወድቅ፣ ያውም ከእናቲቱ ቃል ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ሲገኝ ብቻ ሆነ። ክፍያውም ልጁ 7 ዓመት ሲሞላው ያበቃ ነበር። ከሁሉ በላይ ሕጉ አንድ ጥብቅ ክልከላ አስገባ፦ አባት ከከፈለው ገንዘብ ምንም ለእናቲቱ እንዳይሰጥ፣ ለእርሷም መተዳደሪያ እንዳይውል ከለከለ። እስከዚያ ድረስ በልማድ ይሸፈን የነበረው መርሕ በጥቁር ቀለም ተጻፈ። የአባት ገንዘብ የሕዝብ ወጪ መተኪያ ነው ተባለ።

መርሑ 10 ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በዌልስ ገጠር ሕዝቡ በኬላ ቀረጥ ላይ ሲነሣ፣ የአመፁን መንስኤ እንዲያጣራ የተላከው ኮሚሽን ከሰማቸው ብሶቶች አንዱ ይኸው የዲቃላ ሕግ ነበር። በ1844 በወጣ ሕግ እናት በራሷ ስም አባትን ከሳ ሳምንታዊ ቀለብ የማስወሰን መብት አገኘች። መደበኛው ጣሪያ በሳምንት 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። የአጥቢያ ሹማምንት በክሱ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ይህ በታሪኩ ውስጥ ትልቅ መታጠፊያ ነው፤ ገንዘቡ የእናቲቱና የልጁ ጉዳይ ሆነ። ይሁን እንጂ በ1872 ጣሪያው ወደ 5 ሽልንግ ከፍ ሲል፣ እናቲቱ በርዳታ ላይ ካለች የድሆች ሕግ ባለሥልጣናት የአባትን ክፍያ ራሳቸው የሚያስመልሱበት መንገድ እንደ ገና ተከፈተ። ርዳታ የማትጠይቅ እናት ቀለቡን ለልጇ ትቀበላለች፤ ርዳታ የጠየቀችው ግን ቀለቡን ከመንግሥት ጋር ትካፈላለች፣ ወይም ጨርሳ ታጣዋለች። ይህ ክፍፍል እስከ ዘመናችን ዘለቀ።

በ1948 የብሔራዊ ድጋፍ ሕግ ነባሩን የድሆች ሕግ ሻረ። አንድ ነገር ግን ሳይሻር አለፈ። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው ተጠያቂ እንደ ሆኑ ቀሩ፤ መንግሥት ለአንዱ የከፈለውን ከተጠያቂው ዘመድ የማስመለስ መብት ያዘ። ቀለብ የምትቀበል እናት ያገኘችው ሁሉ በገቢነት ይቆጠርና አበሏ በዚያው ልክ ይቀነስ ነበር።

ደንቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ ቀለብ እንደ ደመወዝ በቀጠሮ አለመምጣቱ ነበር። ገንዘቡ በመጣበት ሳምንት አበሏ ይቀነሳል። በቀረበት ሳምንት እናቲቱ ጎደሎው እንዲሞላላት ወደ ቢሮው መመላለስ አለባት። ይህን ለማቃለል የፍርድ ቤቱ ክፍያ በቀጥታ ወደ አበል መሥሪያ ቤቱ የሚዛወርበት፣ እናቲቱም አባት ከፈለም አልከፈለም ሙሉ አበሏን የምትቀበልበት ሥርዓት ተዘረጋ። ለእናቲቱ በእርግጥ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በአባትና በልጅ መካከል የነበረውን የገንዘብ ገመድ በጠሰው። አባት የሚከፍለው ለመንግሥት ሆነ፤ ልጁ ከአባቱ ምንም እንዳልመጣለት አድርጎ ቢያስብ የሚፈረድበት አልነበረም።

በ1974 በሰር ሞሪስ ፋይነር የሚመራው ኮሚቴ ስለ አንድ ወላጅ ቤተሰቦች ሰፊ ሪፖርት አቀረበ። የእነዚህ ቤተሰቦች ቁጥር በዚያን ጊዜ 620 ሺህ ገደማ ነበር። ኮሚቴው ካያቸው ነገሮች አንዱ ለታሪክ ተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። የቤተሰብ ሕግ የሚሠራበት ስፍራ ሦስት ነው አለ፦ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት፣ ድሆች የሚሄዱበት የታችኛው ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ የአበል መሥሪያ ቤቱ። ማን ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚወስን የቢሮ ሠራተኛ፣ ዳኛ ሳይባል የቤተሰብ ዳኛ ሆኗል ማለት ነው። ኮሚቴው መንግሥት ለእነዚህ ቤተሰቦች የተረጋገጠ አበል እንዲከፍልና ከአባት የሚገባውን ራሱ እንዲያስከፍል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተግባራዊ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ግን ከሐሳቡ ግማሹን ብቻ የወሰደ ነበር። በ1990 መንግሥት ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ ልጅ ለብቻቸው ከሚያሳድጉ እናቶች ውስጥ ቀለብ በመደበኛነት የሚያገኙት 30 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። በ1991 የልጅ ድጋፍ ሕግ ወጣ፤ በሚያዝያ 1993 የልጅ ድጋፍ ኤጀንሲ ሥራ ጀመረ። ቀለብ በቀመር እንዲሰላና በኤጀንሲው እንዲሰበሰብ ተደረገ። ማስከፈሉ መጣ፤ የተረጋገጠው አበል ግን አልመጣም።

የዘመኑን ስሌት በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔው ያወጣኋቸው ናቸው። አንዲት እናት ኢንካም ሰፖርት ከተባለው አበል በሳምንት 70 ፓውንድ ታገኛለች። ኤጀንሲው አባትየውን በሳምንት 30 ፓውንድ ያስከፍለዋል። አበሏ ወደ 40 ይወርዳል። ድምሩ ያው 70 ነው። አባት 30 ፓውንድ አጥቷል፣ ግምጃ ቤት 30 ፓውንድ አትርፏል፣ የልጁ ማዕድ ግን አልተለወጠም። እንዲያውም ቀለቡ ከአበሉ በጥቂት ቢበልጥ እናቲቱ ከኢንካም ሰፖርት ጨርሳ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ በአበሉ ምክንያት ልጇ ያገኝ የነበረውን የትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ልታጣ ትችላለች። ቀለብ መጥቶላት ይበልጥ የምትደኸይበት አጋጣሚ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት ሰዎችን ምን እንደሚያስተምር መገመት አያዳግትም። አባት በኤጀንሲው በኩል 30 ፓውንድ ከሚከፍል ይልቅ ጫማና የትምህርት ቤት ልብስ ገዝቶ በእጁ ቢሰጥ ለልጁ ይሻለዋል። እናትም ዝም ብትል ይሻላታል። መንግሥት ዝምታውን ለመስበር የቀድሞውን መሣሪያ አነሣ። በሕጉ አንቀጽ 6 መሠረት አበል የምትቀበል እናት ኤጀንሲው አባትን እንዲከታተል ፈቃድ የመስጠት ግዴታ ነበረባት። እምቢ ብትል፣ በእርሷ ወይም በልጁ ላይ ጉዳት ወይም ከባድ ጭንቀት እንደሚደርስ ካላሳመነች፣ ከአዋቂ ሰው አበሏ 20 ከመቶ ለስድስት ወር፣ ከዚያም 10 ከመቶ ለአንድ ዓመት ይቀነስ ነበር። በ1996 ቅጣቱ ወደ 40 ከመቶ፣ ዘመኑም ወደ ሦስት ዓመት ከፍ አለ። ከሚደበድብ ሰው ያመለጠች ሴት ፍርሃቷን ለማታውቀው የቢሮ ሠራተኛ አስረድታ እንድታሳምን ተጠየቀች ማለት ነው። በ1733 በዳኛ ፊት ትምል የነበረችው ሴትና በ1993 ቅጽ የምትሞላዋ ሴት በ260 ዓመት ቢለያዩም፣ ሁለቱም የተጠየቁት ለሌላ ሰው ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ የመንግሥትን ወገን ሳልሰማ ብፈርድ ታሪክ አልጻፍሁም። ክርክሩ ክብደት አለው። አበል የሚከፈለው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው፤ ደመወዙ ደህና የሆነ አባት እያለ ልጁን ጎረቤት ለምን ያሳድግለታል? ደግሞም ሁለት ድሃ እናቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲኖሩ፣ አንዷ ከአበሉ በላይ ቀለብ ብታገኝና ሌላዋ አባቱ የሞተበትን ልጅ ብታሳድግ፣ ለሁለቱ እኩል አበል መስጠት ፍትሕ ነውን? ከ1993 በፊት የነበረውም አሠራር ንጹሕ አልነበረም። ሲፋቱ ባል ቤቱን ለሚስቱ ትቶ ከቀለብ የሚገላገልበት ስምምነት የተለመደ ነበር፤ የልጆቹን መተዳደሪያ ከዚያ በኋላ የሚሸፍነው አበሉ ነው። በዚህ ስምምነት ሦስተኛው ተዋዋይ፣ ሳይጠየቅ የፈረመው፣ ግምጃ ቤት ነበር። አዲሱ ሕግ እነዚያን ስምምነቶች ችላ ብሎ እንደ አዲስ ሲያሰላ አባቶች በአደባባይ ተቃወሙ። በ1995 የወጣው ማሻሻያ ለእነዚህ ጉዳዮች የተለየ አስተያየት የሚደረግበትን በር ከፈተ።

የክርክሩ ድካም በተግባር ታየ። ሦስት ሰዎች ማለትም እናት፣ አባትና ልጅ ምንም በማያተርፉበት ሥራ መንግሥት ብቻውን ሮጠ። በ2006 ያልተሰበሰበው የቀለብ ዕዳ 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። የዕዳው ምክንያት ብዙ ነው፤ የተወሳሰበ ቀመርና የማይሠራ የኮምፒውተር ሥርዓትም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ከፋይም ተቀባይም የማይፈልጉትን ክፍያ መሰብሰብ ከባድ መሆኑ ከምክንያቶቹ መካከል መቆጠር አለበት።

መንግሥት የተሸነፈው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1997 እናት ወደ ሥራ ስትገባ የሚሰጣት፣ በሳምንት እስከ 5 ፓውንድ የሚጠራቀምና ከ1,000 ፓውንድ የማይበልጥ ጉርሻ ተጀመረ። ይህ በተስፋ ማቆየት ነበር። በመጋቢት 2003 ከሳምንቱ ቀለብ 10 ፓውንድ ሳይቆጠር ለእናቲቱ እንዲቀርላት ተፈቀደ፤ ነገር ግን የተፈቀደው በአዲሱ ሥርዓት ለተመዘገቡት ብቻ ነበር። ነባሮቹ መዝገቦች ወደ አዲሱ ሥርዓት ሊዛወሩ ባለመቻላቸው፣ በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ቀለባቸው አንድ ሆኖ፣ አንዱ 10 ፓውንድ ሲያገኝ ሌላው ለዓመታት ምንም ሳያገኝ ቀረ። በ2006 ሰር ዴቪድ ሄንሾው ባቀረቡት ሪፖርት ግዴታው እንዲቀርና ለቤተሰቡ የሚቀረው ገንዘብ ከፍ እንዲል መከሩ። በ2008 አንቀጽ 6 ተሻረ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት የማይቆጠረው ገንዘብ 20 ፓውንድ ሆነ። ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ ደግሞ የልጅ ቀለብ በሙሉ ከአበል ስሌት ወጣ። ከ2013 ወዲህ ነባሮቹን አበሎች እየተካ የመጣው ዩኒቨርሳል ክሬዲትም የልጅ ቀለብን በእናቲቱ ገቢነት አይቆጥርም።

በ2008 የሆነውን አስተውሉ። እናትን የሚያስገድደው አንቀጽና አበልን የሚበላው ስሌት የተነሡት በአንድ ሐሳብ ነው። ግምጃ ቤት ከገንዘቡ ድርሻውን ሲተው፣ ስም የማስወጣት ፍላጎቱንም ተወ።

ይህ የመጨረሻ ድል ነው አልልም። መንግሥት ድርሻውን ሲተው ትጋቱም አብሮ ቀንሷል ብዬ አምናለሁ። ወላጆች በግል እንዲስማሙ ይበረታታሉ። ከ2014 ጀምሮ በመንግሥት አስከፋይነት የሚጠቀሙ ወላጆች የአገልግሎት ዋጋ ይከፍላሉ፤ ከፋዩ በቀለቡ ላይ 20 ከመቶ ይጨምራል፣ ከተቀባይዋ 4 ከመቶ ይቆረጣል። ከፋዩ ወላጅ ራሱ ድሃ ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። አበል የሚቀበል አባት በጥቅሉ በሳምንት 7 ፓውንድ ይከፍላል፤ ይህም ከአበሉ ሊቆረጥ ይችላል። እየሠራ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል አባትም የከፈለው ቀለብ ከገቢው አይቀነስለትም። ያው ፓውንድ በእናቲቱ ዘንድ አይቆጠርም፤ በአባት ዘንድ ግን እንዳልወጣ ሆኖ ይቆጠራል። የክፍያው ስምም ይወስናል። ባል ለቀድሞ ሚስቱ ለራሷ መተዳደሪያ የሚከፍለው ዛሬም በገቢነት ተቆጥሮ አበሏን ይቀንሳል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ወይም ጠበቃ አንድን ክፍያ የልጅ ወይም የሚስት ብሎ ሲሰይም ቤተሰቡ የሚበላውን እየወሰነ ነው።

መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወደ አሜሪካ አንድ ጊዜ እንመልከት። በዚያ አገር ከ1975 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ቀለብ የማስከፈሉን ሥራ ከድሆች አበል ጋር አያያዘ፤ አበል የምትቀበል እናት የቀለብ መብቷን ለመንግሥት ታስተላልፍ ነበር። በ1984 ከወሩ ቀለብ የመጀመሪያው 50 ዶላር ለቤተሰቡ እንዲያልፍ ታዘዘ። በ1996 ይህ ግዴታ ተነሥቶ ውሳኔው ለክፍለ ግዛቶች ተተወ፤ ብዙዎቹም ሙሉውን ለራሳቸው አስቀሩ። ዊስኮንሲን ግን ቤተሰቦችን በዕጣ ከፍላ ለከፊሎቹ ቀለቡን በሙሉ አሳለፈች። ገንዘቡ በሙሉ የሚደርሳቸው ልጆች አባቶች በመጠኑ ይበልጥ ከፈሉ፣ አባትነትም ፈጥኖ ተረጋገጠ። ለውጡ ታላቅ አልነበረም፤ ግን አባት ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ እንደሚያስብ አረጋገጠ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? በመጀመሪያ ለወገኖቻችን ይነግራል። በብሪታንያ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ኢትዮጵያዊት፣ የቀድሞውን ደንብ ከሌላ ሰው ሰምታ፣ ቀለብ ብጠይቅ አበሌ ይቋረጣል ብላ ብትሰጋ የሚያስደንቅ አይደለም። ለልጅ ቀለብ ደንቡ ከ2010 ወዲህ እንዲያ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሕግ ተማሪዎችን ይመለከታል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብን በቤተ ዘመድ መካከል ያለ ግዴታ አድርጎ ይደነግጋል። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. በገጠር፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በከተሞች የሴፍቲኔት መርሐ ግብሮች ተጀምረዋል፤ ተጠቃሚዎቹም በቤተሰቡ ድህነት ይመረጣሉ። አንድ መንግሥት ቀለብን በአንድ ሕግ፣ የድሃን ድጋፍ በሌላ መርሐ ግብር ሲመራ፣ ሁለቱ በአንዲት እናት ቤት መገናኘታቸው አይቀርም። በፍርድ ቤት የተቆረጠላት ቀለብ ከድጋፍ የሚያስወጣት ገቢ ይሆናል ወይስ የልጁ ብቻ ሆኖ ይቀራል? በተለይም በወረቀት ላይ ተቆርጦ በእጇ ያልገባው ቀለብ እንዴት ይቆጠራል? ደንቡን የሚጽፈው ሰው ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል፤ ብሪታንያ ካልሰበሰበችው 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ የምንማረው ይህን ነውና።

የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የአሠራር ምክር ውሰዱ። የአንድ ሕግ መንፈስ በመግቢያው ከተጻፉት ታላላቅ ቃላት ይልቅ በስሌት ሠንጠረዡ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የ1834 ሕግ ስለ ሥነ ምግባር፣ የ1991 ሕግ ስለ ልጆች ጥቅም ተናግረዋል። አባት የከፈለው ሳንቲም በመጨረሻ የገባበትን ኪስ የተከተለ ተመራማሪ ግን ሁለቱ ሕጎች ከሚመስሉት በላይ እንደሚቀራረቡ ያገኛል።